የጉድጓዱ አፍ ጠባቂ

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። አጎትሽም ደህና ነው፣ አፉም እንደ ድሮው አያርፍም። ባልሽን ሰላም በይልኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። አንዳንዱ ቃል ገብቶኛል፣ አንዳንዱን ዘልዬዋለሁ። እኔ የፈለግኩት ፊርማሽን ብቻ ነበር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ግቢውን በስምሽ አድርጋው ሄደች። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውም «የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ የግቢው ባለቤት ትፈርም» አለ። እንጂማ ቤቱን በእጄ ሠርቼ ስኖር፣ ከደጄ አፈር ለማውጣት ልጄን ፈቃድ የምለምን ሰው አልነበርኩም። አንቺ ደግሞ በፊርማው ፋንታ ጥያቄ ላክሽልኝ። ሥራው ምንድን ነው፣ የት ላይ ይቆማል፣ ምን ያሰጋል፣ ማን ምን ይሠራል። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ድልድይ የሚሠሩትን ሰዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የምትጠይቂያቸው ይህን ነው አሉኝ። እኔ ድልድይ አልሠራም። ጉድጓድ ማለት አፈር ማውጣት ነው፤ ውሃ ሲመጣ መተው ነው። አለቀ።

ይህን ብቻ ልመልስልሽ ነበር። አጎትሽ ግን «ልጅቷ ልክ ናት፤ ካልጻፍክላት አካፋ አላነሳም» ብሎ አኮረፈኝ። የእናትሽ ወንድም አይደል፣ ኩርፊያው የዘር ነው። ስለዚህ ልጻፍ።

ሥራው አንድ ጉድጓድ ነው፤ በልብስ ማጠቢያው ድንጋይና በጎረቤት አጥር መካከል። የቧንቧው ውሃ የሚመጣው ደስ ባለው ቀን ስለሆነ ነው። የሚቆመው ቀዩ አፈር አልቆ ነጩ ሲጀምር ነው። ይህን ያለው አጎትሽ ነው። «ነጭ አፈር ልቅ ነው፣ አይጨበጥም፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም» ብሏል። ሰው ሁሉ ፍልፈል የሚለው ዕድሜውን መሬት ውስጥ ስለፈጀ ነው፤ አምኜዋለሁ። የሚያሰጋ ነገር ምንም የለም።

ማን ምን ይሠራል ላልሽው፣ ፍልፈል ይቆፍራል። ቆርቆሮ ሠሪው ጎረቤታችን ገመድ ይስባል። እኔ አፉ ላይ እቀመጣለሁ። አፍ ጠባቂ ሲባል ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ እንዳይመስልሽ። ከታች ያለው ሰው ከጨለማ በቀር የሚያየው የለም። ዓይኑም ጆሮውም ላይ ያለው ሰው ነው። ሳብ የሚለው፣ ቁም የሚለው፣ ውጣ የሚለው እሱ ነው። ከእሱ ሌላ አፉ ላይ ማንም አያዝም። ይህ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ለሌላም አልሰጠውም።

ስልክ አትደውዪልኝ። ስልኩን ለአጎትሽ ሰጥቼዋለሁ። የዘንድሮ ስልክ ይንሾካሾካል እንጂ አይናገርም። ወረቀት ይሻለኛል።

አባትሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ጋ ሁሉ ሰላም ነው።

«ምንም» ያልኩትን ቃል አስምረሽበት መልሰሽ ላክሽልኝ። እንደ ተማሪ ደብተር! አጎትሽን ባሳየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወደቅህ፣ ክፍል ደገምክ» አለኝ።

እሺ። ያሰጋል። አፈሩ ሊናድ ይችላል። ገመዱ ሊበጠስ ይችላል። ከታች መጥፎ አየር ሊኖር ይችላል። ለዚያ ጠዋት ጠዋት ከሰው በፊት ፋኖስ እናወርዳለን፤ ፋኖሱ ከጠፋ ማንም አይወርድም። በቃሽ?

አልበቃሽም። በሰዎቹ በኩልስ ምን ያሰጋል፣ የእያንዳንዱን ድካም ጻፍልኝ አልሽኝ። ሐሜት ካማረሽ እንካ። ፍልፈልን ወኔው ያሰጋል፤ ፈራህ ካሉት እሳት ውስጥ ይገባል። ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖም ይዘፍናል። ቆርቆሮ ሠሪው ወገቡን ያመዋል፤ የተጻፈ ነገር ካየም እንደ ሙጫ ይጣበቅበታል፣ ንቅንቅ አይልም። እኔ፣ ምንም። ሐኪም ምን አለህ ላልሽው፣ የሄድኩት ለዓይኔ ነው። መነጽር ሰጡኝ። አሁን ንስር ነኝ።

አንድ ሕግ ጨምር ያልሽውን ጨምሬያለሁ። የኔ ሕግ ቀድሞም ነበረ፤ የላይኛው ውጣ ካለ የታችኛው ለምን አይልም። ያንቺን ከሥሩ ጻፍኩት፤ የታችኛው ሳቡኝ ካለ የላይኛው ቆይ አይልም። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ሦስታችንም ፈረምን። እንግዲህ ያንቺ ተራ ነው።

የሰፈሩን ወሬ ጠይቀሻል። ቆርቆሮ ሠሪው ዕድሜ ሰጥቶት ጨዋ ሆኗል። መዶሻው ድሮ እንቅልፍ ይነሳን ነበር፤ እናትሽ ስንቴ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ሰድባዋለች። አሁን በቀስታ ነው የሚመታው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ግን ባለጌ ነው። ቦታውን ሊለካ መጥቶ በር ማንኳኳት አቅቶት በአጥር ዘሎ ገባ። ስቆጣው እሱ ሌላ ነገር እንደሚያስረዳ እጁን ያወናጭፋል፣ አጎትሽ ከኋላው ቆሞ ይስቃል። ፖስተኛው ይሻላል፤ ሥርዓት ያውቃል። ዘው ብሎ ገብቶ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ደብዳቤሽን እጄ ላይ ያስቀምጣል። ማንቆርቆሪያዋን አቃጠልኳት። ውሃው ፈልቶ ፈልቶ አልቆ ቂጧ ቀልጦ አገኘሁት። የዘንድሮ ዕቃ ነው፤ የድሮው ሲፈላ ክዳኑ ይንጫጫ ነበር።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ስለ እሱ ጠይቄሽ አንድ መስመር አትጽፊም። አኩርፎኝ ነው?

አባትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ፊርማሽ ደረሰ። ስምሽ ከስሜ ሥር ተቀምጦ ሲታይ ያምራል። ለቆርቆሮ ሠሪው አሳየሁት። ጣቱን እያንዳንዱ መስመር ላይ እያሳለፈ አነበበና፣ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የኔ ነው ብለው አልሰማኝም። ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይደፈናል።

ቁፋሮው ተጀምሯል። አጎትሽን ብታዪው! ከላይ ሲሄድ የሚነክስ ጉልበቱ መሬት ሲገባ ይታዘዘዋል። ግድግዳውን በአካፋው ጠርዝ ሲያስተካክል የልብስ ሰፊ እጅ ነው ያለው። የሚወጣው አፈር ቀይ ነው፣ ሲጨበጥ ጡብ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ መናድ ምናምን የሚባለው ነገር ያንተና የልጅህ ወሬ ነው ይለኛል።

አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። ከገመዱ ሌላ አንድ ሲባጎ እስከ ታች አወረድኩ። ከላይ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ እንጨት ላይ ሰቀልኩት። አጎትሽ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ሲባጎውን ይጎትታል፤ ጨርቁ ይዘላል፤ እኔ አያለሁ። «መጥራት እያለ ለምን?» ሲለኝ ለሥርዓት ነው አልኩት። «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ሥርዓት የምትወደው?» አለኝ። ከልጄ ተምሬ ነው አልኩት። ይሄውልሽ፣ ሥራውን በነገርሽኝ መንገድ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከጨርቁ ላይ አላነሳም።

ደግሞ አንድ ያስገረመኝን ልንገርሽ። አጎትሽ ወደ ታች በገባ ቁጥር ዘፈኑን እየተወ ሄደ። አንድ ቀን ለምሳ ሲወጣ፣ «ምነው፣ ትንፋሽ አጠረህ? ዘፈኑን ተውከው» አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። ቆርቆሮ ሠሪው ገመዱን እየጠቀለለ መሬት መሬት ያያል። ምግቡ ቀዘቀዘ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ባይመልስም።

አባትሽ


ኅዳር 16 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ደህና ነሽ ወይ? የደብዳቤሽ ቁጣ ከፖስታው በፊት ነው የገባው።

አዎ፣ ነጩ አፈር ላይ ደርሰናል። አዎ፣ አልቆምንም። ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ፤ ስልክ የያዘው እሱ ነው።

የሆነውን ስሚ። ነጩ ሲጀምር አጎትሽ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ «በቃ፣ የጻፍነው እዚህ ድረስ ነው» አለ። ከባልዲው ውስጥ ጨበጥ አድርጌ አየሁት። ረጥቧል። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። ውሃው አፍንጫህ ሥር መጥቶ ልትሸሸው ነው? ፈራህ? አልኩት። «እኔ ፈራሁ?» አለና ተመልሶ ወረደ። የሚስቴ ወንድም ነው፤ የት ጋ ሲነኩት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ለመሆኑ ውሃው ሳይደርስ የሚቆም ጉድጓድ ምን ይባላል? የቆሻሻ መጣያ?

ቆርቆሮ ሠሪው ለምን ተወ ብለሻል። በማግስቱ ነው የተወው። ያን ቀን ትንሽ ነገር ተፈጥሮ ነበር። ምንም አይደለም፣ ሰው አልተጎዳም። አጎትሽ ሲወጣ ጸጉሩ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነበር፤ እሱም ሳቀ። ቆርቆሮ ሠሪው ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝና፣ ፊቴ ድረስ ተጠግቶ አንድ ነገር አለኝ። ምን እንዳለኝ አልጽፍልሽም። እንዲህ ያለውን ለጠላትም አይሉትም፤ በገዛ ግቢዬ፣ በአማቼ ፊት። ሂድልኝ አልኩት። ገመዱን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በአጥሩ በላይ ያየኛል እንጂ አያናግረኝም።

አሁን ገመዱንም አፉንም የያዝኩት እኔ ነኝ። መዘውር ስላሰርኩበት አይከብድም። ድርሻ ቀየርክ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ ወሰን አለፍክ አትበዪኝ። ሥራ እንደ ወረቀት አይደለም፤ እግር አለው፣ ይሄዳል።

ያለጊዜው ዝናብ ጥሎ ነበር። በአጥሩ ሥር አንዲት ስንጥቅ አይቻለሁ፤ የጸጉር ያህል ናት። በጭቃ ደፍኛታለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ።

አባትሽ


ኅዳር 21 ቀን

አባዬ፤

ሰላምታውን ዝለልልኝ። ይህን በፈጣን ፖስታ የላክሁት ቶሎ እንዲደርስህ ነው።

አጎቴ ደውሎ ነገረኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ነጩ አፈር ከጎኑ ተሸርሽሮ መውረድ ሲጀምር «ሳቡኝ!» ብሎ ጮኸ። አንተ ቁልቁል እያየኸው «ጎሽ፣ ዝፈን፣ ዝፈን» አልከው። ሲባጎውን የሚጎትትበት እጅ አልነበረውም፤ በሁለት እጁ ግድግዳውን ደግፎ ነበር። ቆርቆሮ ሠሪው አንተን ሳይጠብቅ ነው ስቦ ያወጣው። ከዚያ ፊትህ ድረስ ተጠግቶ ያለህን፣ አንተ አልጽፍልሽም ያልከኝን፣ አሁን አውቄዋለሁ። አባዬ፣ ስድብ አይደለም። ጆሮህ አይሰማም ነው ያለህ።

ስለ ባሌ ትጠይቀኛለህ። በየደብዳቤው። ባል የለኝም። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ያን ሰሞን ደውዬ ነግሬሃለሁ። እያለቀስኩ ነበር። አንተ «እሰይ! እሰይ ልጄ፣ ይበል!» አልከኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ድሮም አትወደውም ነበርና፣ ደስ ብሎህ ነው ብዬ ቂም ያዝኩብህ። ያልመጣሁት ለዚያ ነው። በኋላ ሰላም በይልኝ እያልክ ስትጽፍ ደግሞ የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ትናንት አጎቴ ስልኩን ሲዘጋ ነው ነገሩ የገባኝ። አልሰማኸኝም ነበር። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም።

እኔ በሥራዬ የሚያሰጋውን ጻፉ ስላቸው፣ ሰዎች ዝናቡን ይጽፋሉ፣ አፈሩን ይጽፋሉ፣ ሲሚንቶውን ይጽፋሉ። ራሱን የሚጽፍ የለም። ይህን እያወቅሁ፣ ስለ ራስህ ምንም ብለህ ስትጽፍ ዝም ብዬ ፈረምኩ። ስሜ ከስምህ ሥር ነው። ስለዚህ አጎቴ አንድ ነገር ቢሆን እኔም አለሁበት።

ፊርማዬን አንስቻለሁ። አጎቴን አትውረድ ብለው «አባትሽ ፈራህ ይለኛል» ብሎ ይስቃል። ያለ አንተ ቃል አይተውም። የራስህን ሕግ ልንገርህ፤ የላይኛው ውጣ ካለ የታችኛው ለምን አይልም። አሁን የላይኛዋ እኔ ነኝ። አውጣው። ለምን አትበለኝ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዳገኘሁ እመጣለሁ።

ልጅህ


ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

አጎትሽ ደክሞታል። ተኝቷል። ሐኪም ቤት ነው ያለነው፤ ንጹሕ ነው፣ መስኮት አለው። ስልኩ ስለተሰበረ አትደውዪለት።

ስትመጪ ደህና ልብስ ያዢ። ቁፋሮው ቆሟል።

አባትሽ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ነሽ ልልሽ ጀመርኩና እጄ እምቢ አለ።

በቆርቆሮ ሠሪው ስልክ ደውለሽ የጠየቅሽኝን እሱ በካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፎ አሳየኝ። «መልሱን ንገረኝና ልንገራት» የሚል ጽፎ ጨመረበት። እኔው እጽፍላታለሁ አልኩት።

አለ ወይ ብለሻል። አለ። ይተነፍሳል። ነጩ አፈር እስከ አንገቱ ነው የያዘው። እግሩም እጁም ደህና ነው፤ የተጎዳው ደረቱ ነው።

ስለ ጩኸቱ ጠይቀሻል። ጮኋል። የሰማው ቆርቆሮ ሠሪው ነው። በገዛ ግቢው ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ ከመዶሻው በላይ ሰማው። እኔ አፉ ላይ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ ጉድጓዱ ነው። አጥሩን ዘሎ ሲሮጥ አይቼ «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። ከዚያ ነው ዞር ብዬ ያየሁት። አቧራው ከአፉ እንደ ጭስ ይወጣ ነበር።

ዓይኔን ከጨርቁ ላይ አላነሳም ብዬሽ ነበር። አንስቼ ነበር። ሲባጎውን ጎትቶት ነበር፤ በኋላ ሳየው ጨርቁ ከእንጨቱ ላይ ወርዶ መሬት ተኝቷል። የት እያየህ ነበር ብለሽ አትጠይቂኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሁሉ በኋላ ነው። እንዲህ ብለሽ ያዢው። ፖስተኛውም ብትጠይቂው እንዲህ ነው የሚልሽ፤ ለምኜዋለሁ። እኔ ማንበብ እንደሚቆይብኝ ታውቂያለሽ፣ ጣቴን ካላስኬድኩ ቃሉ አይያዝልኝም። ግን ከሁሉ በኋላ ነው የደረሰኝ።

ቆርቆሮ ሠሪው ወረቀታችንን መልሶልኛል። ስለ እኔ ምንም የሚለውን ሰርዤ፣ ከላዩ ጆሮዬ ብዬ ጻፍኩበት። አንዲት ቃል ናት። ትጻፋለች ለካ።

ስለዚያ ስልክ። ልጄ፣ እኔ እንዲህ ነው የኖርኩት፤ ድምፅሽ ከፍ ሲል እሰይ እላለሁ፣ ዝቅ ሲል ተመስገን እላለሁ። ያን ቀን ከፍ ብሎ ነበር። ደስ ያለሽ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ስትዘጊው ልጄ ደስታዋን ነግራኝ ዘጋች ብዬ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ነው የዋልኩት። ለእናትሽ ፎቶም ነግሬያታለሁ።

አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ቀኑን አልጋው አጠገብ እውላለሁ። አጎትሽ ያየኛል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ያው ነው፣ አካሄዱን ለይቼዋለሁ። ነርሷን ምን አለኝ ስላት እሷም ከንፈሯን ታንቀሳቅስልኛለች። ቆርቆሮ ሠሪውን ካርቶኑ ላይ ጻፍልኝ አልኩት። አጎንብሶ ሰማው፣ እርሳሱን ይዞ ቆየ፣ ካርቶኑን ባዶውን መለሰልኝ። እኔም አጎትሽ ሲናገር እሺ፣ እሺ እለዋለሁ። ምን ላይ እሺ እንዳልኩ አላውቅም። እሺ ባልኩት ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

መጀመሪያ ሰሞን ቆርቆሮ ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማው ነበር። ቆይቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ዛሬ ጠዋት ጆሮውን አፉ ላይ ለጥፎ ነው የሰማው። እኔ ይህን ነው የማየው። ድምፁ እያለቀ ነው።

ፈቃዱን አትጠብቂ። ነይና የሚለውን ስሚልኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ሆነሽ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ። ስድብም ቢሆን።

አባትሽ